በደብረ ማርቆስ ለኮድ ሥልጠና የጋራ ሰርቨር ስናዘጋጅ ያየነው

ይህን የምጽፈው በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ፣ በእንጅባራ ወይም በሌላ ከተማ የኮድ ሥልጠና ለማዘጋጀት የሚያስብ፣ ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ሰው አንድ ዓይነት ሶፍትዌር በአንድ ሰዓት እንዴት ሊከፍት ይችላል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የነሳው ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ በደብረ ማርቆስ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ለጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችና በቅርቡ ለተመረቁ ወጣቶች የሦስት ቀን የፓይዘን (የኮድ ቋንቋ ነው) እና የመረጃ ትንተና የተግባር ሥልጠና አራት ጊዜ ሰጥተናል። በመጀመሪያው ሥልጠና ከሰልጣኞቹ ላፕቶፖች ጋር ስንታገል ዋልን። በቀሩት ሦስቱ ግን ሶፍትዌሩን በየላፕቶፑ መጫኑን ትተን በተከራየነው አንድ ሰርቨር (በኢንተርኔት በኩል ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር) ላይ አስቀመጥነውና ሁሉም በብራውዘሩ በኩል እንዲገባ አደረግን። ሥራው ቀለለ ማለቴ አይደለም፤ ችግሩ ከአዳራሹ ወጥቶ ከሥልጠናው በፊት ወዳለው ሳምንት ተዛወረ እንጂ። ያም ቢሆን ትልቅ ትርፍ ነው፤ ከሥልጠናው በፊት ባለው ሳምንት የሚንገላታው አዘጋጁ ብቻ ነውና።

የመጀመሪያው ሥልጠና 22 ሰልጣኞች ነበሩት። ለጀማሪ የሚመከረው የተሟላ የፓይዘን ጥቅል ከ500 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው ከኢንተርኔት ያውርድ ማለት የማይታሰብ ነበርና በሦስት ፍላሽ ዲስኮች ገልብጠን መጣን። ፍላሾቹ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ሲዞሩ ቫይረስም አብሮ ዞረ። አንዱ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ነበር፤ ፓይዘን ደግሞ ከ3.9 ጀምሮ በዊንዶውስ 7 ላይ ስለማይሠራ ለዚያ ሰው ብቻ የቆየውን 3.8 ፈልገን መጫን ነበረብን። ሌላው ባለ 32 ቢት ስለነበር ያመጣነውን ጥቅል ጭራሹን አልቀበልም አለ። አንዲት መምህርት የኮምፒውተሯን የመለያ ስም በፊደላችን ጽፋ ኖሮ ፎልደሯም በአማርኛ ተሰይሞ መጫኛው መንገዱን ማንበብ አቃተው፤ ስሟን በገዛ ፊደሏ በመጻፏ ሥልጠናው ዘገየ ብዬ ለእሷ ማስረዳቱ እስካሁን ያሳፍረኛል። እኛ ሦስታችን ከወንበር ወንበር ስንዘል የጨረሱት ሰልጣኞች ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ፤ የመጀመሪያዋን የኮድ መስመር ሁሉም በአንድነት የጻፏት ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ተኩል ነው። ከሦስቱ ቀን አንዱ ግማሽ ቀን በዚህ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ መረመርን። በብራውዘር ኮድ የሚጻፍበት ጎግል ኮላብ ነፃ ነው፣ የሚጫን ነገርም የለውም፤ ሆኖም ሰልጣኙ የጎግል መለያውንና የይለፍ ቃሉን ማወቅ አለበት። ከሰልጣኞቻችን ብዙዎቹ በስልካቸው ላይ መለያ አላቸው፤ የከፈተላቸው ግን ስልኩን የገዙበት ሱቅ ስለሆነ የይለፍ ቃሉን አያውቁትም። ባይንደር የሚባለው ተመሳሳይ አገልግሎት መለያ አይጠይቅም፤ የተዘጋጀውን ሊንክ የነካ ሁሉ ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ይከፈትለታል፤ ነገር ግን ለ10 ደቂቃ ያህል ያለ ሥራ ከቆየ ቦታው ሰልጣኙ ከጻፈው ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ለአንድ ሰዓት ማሳያ ይበቃል፣ ለሦስት ቀን አይሆንም። ጊትሃብ የሚያከራየው ኮድስፔስስ ለግል መለያዎች በየወሩ 120 የኮር ሰዓት (ኮር የማሽኑ አንድ የማስሊያ ክፍል ነው) በነፃ ይሰጣል፤ ባለሁለት ኮር ማሽን ለሚጠቀም ሰው 60 ሰዓት ማለት ነው፣ ስለዚህ ጊዜው አያንስም። ለጀማሪ ግን ገና ኮድ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ጊት (የፋይል ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብን ነው። ሰልጣኞቹ ተማሪ ቢሆኑና ጊትን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ እኔ ራሴ ይህንን እመርጥ ነበር።

እኛ የያዝነው ጁፒተርሀብን ነው። ጁፒተር፣ ማለትም ኮድ ተጽፎ ውጤቱ እዚያው የሚታይበት «ኖትቡክ» የሚባል ገጽ ያለው መሣሪያ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከአይፓይዘን ፕሮጀክት የወጣ ሲሆን፣ ስሙ ጁሊያ፣ ፓይዘንና አር የተባሉትን ሦስት የኮድ ቋንቋዎች ያስታውሳል። ጁፒተርሀብ ደግሞ በአንድ ሰርቨር ላይ ለብዙ ሰዎች የየራሳቸውን ኖትቡክ የሚከፍትላቸው በር ጠባቂ ነው። ከዓይነቶቹ መካከል ዘ ሊትለስት ጁፒተርሀብ የሚባለው ለአንድ ሰርቨርና እስከ 100 ለሚደርሱ ተጠቃሚዎች የታሰበ ስለሆነ ኡቡንቱ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ብዙ ሰርቨሮችን አቀናጅቶ በሚያሠራው በኩበርኔቲስ ላይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ለብዙ መቶና ሺህ ተማሪዎች ይሆናል፤ 24 ሰው ለማሠልጠን ብሎ ኩበርኔቲስ መማር ግን አንድ ቁና ጤፍ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት መትከል ነው።

የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም ቤተ መጻሕፍቶቹን (ፓይዘን የሚጠቀምባቸውን የተዘጋጁ የኮድ ጥቅሎች) አስተዳዳሪው አንድ ጊዜ ሲጭናቸው ለሁሉም መጫናቸው ነው። ስህተት ሲመጣም ለሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ይመጣል፤ በፕሮጀክተር ላይ አንድ ጊዜ ሲፈታ ለ24ቱም ተፈታ ማለት ነው። ሌላው ጥቅም በእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚታይ ነው፦ ሰርቨሩ የሚያወርደውን ሁሉ የሚያወርደው በራሱ የመረጃ ማዕከል መስመር እንጂ በአዳራሹ ዋይፋይ አይደለም። ሰልጣኙ 200 ሜጋባይት የመረጃ ፋይል ቢከፍት በአዳራሹ መስመር የሚያልፈው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰንጠረዥና ሥዕል ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ ይጠፋል እንጂ የጻፈው አይጠፋም።

ስለ ሰርቨሩ መጠን ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የጁፒተርሀቡ ሰነድ የሚሰጠው ስሌት ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚገቡትን ሰዎች ብዛት ለአንድ ሰው በሚፈቀደው ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) አባዝቶ 128 ሜጋባይት መጨመር ነው። ለእኛ ሥልጠና ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት ስለሚበቃ 24 ጊጋባይትና ጥቂት ወጣ፤ የቀረው ለአሰልጣኞችና ለክፉ ቀን ይሁን ብለን ባለ 32 ጊጋባይት ተከራየን። እስከዚህ ድረስ ሥራችን ትክክል ነበር። ስህተታችን ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት ብሎ ማሰብና ይህንኑ ለሰርቨሩ መንገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አለማወቃችን ነው። ሶፍትዌሩ ሲጫን ምንም ገደብ የለውም፤ አስተዳዳሪው ካላስቀመጠ በቀር ማንም የፈለገውን ያህል ራም ይወስዳል።

በሁለተኛው ሥልጠና የመጀመሪያ ቀን አንድ ወጣት ማለቂያ የሌለው ዑደት ጻፈና በእያንዳንዱ ዙር በዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር መጨመር ጀመረ። ለመማሪያ የሚጠበቅ ስህተት ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መጀመሪያ በአጠገቡ ያሉት፣ ቀጥሎም መላው አዳራሽ «ቆመብኝ» ማለት ጀመረ። ሰርቨሩ ራሙን ጨርሶ ለእኛ ለአስተዳዳሪዎቹም መልስ መስጠት አቁሞ ስለነበር ከኪራይ ድርጅቱ ገጽ ሆነን አጥፍተን ማስነሳት ግድ ሆነብን፤ ይህም 20 ደቂቃ ወሰደ። ልጁ ሰርቨር የሰበረ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን በማይክ ተናገርኩ። በዚያው ማታ የአንድ ሰው ገደብ 1 ጊጋባይት እንዲሆን አዘዝን። ከዚያ ወዲህ በየሥልጠናው ያችኑ ዑደት ሆን ብለን ሁሉንም እናስጽፋቸዋለን፤ የእያንዳንዱ ኖትቡክ ለብቻው ሲሞት፣ የጎረቤቱ ደግሞ ሳይነካ ሲቀር በዓይናቸው ያያሉ። ኮድ መስበር እንደማያስፈራ ከንግግር ይልቅ ይህ ያስረዳቸዋል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከሥልጠናው በፊት 24 የሙከራ ተጠቃሚዎች ፈጥራችሁ በሦስቱ ቀን ውስጥ ካሉት ኖትቡኮች ከባዱን ለሁሉም በአንድ ጊዜ አስኪዱ። ለብቻ ሲሞከር ፈጣን የሆነ ሰርቨር ሁሉም «አሁን አስኪዱ» ሲባሉ ምን እንደሚመስል በሌላ መንገድ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ወጥመድ የምሳ ሰዓት ነው። ጁፒተርሀቡ ራም እንዳይባክን ብሎ ለ10 ደቂቃ ያህል ሥራ የፈታውን የተጠቃሚ ኖትቡክ በራሱ ይዘጋል። ፋይሎቹ በዲስክ ላይ ስላሉ አይጠፉም፤ ጠዋት ሙሉ ሲጫኑ የዋሉት ተለዋዋጮች (ኮዱ በስም የያዛቸው እሴቶች) ግን ከራም ጋር ይሄዳሉ። ሰልጣኞቹ ከምሳ ተመልሰው ቀጣዩን መስመር ሲያስኬዱ ስሙ አይታወቅም የሚል ስህተት መጣባቸው፤ ጠዋት ያልገባቸው ነገር የነበረ መስሏቸው ግማሹ ግራ ተጋባ። ጊዜውን ወደ ሁለት ሰዓት ከፍ ማድረግ በቂ ነው፤ ይህም በቅንብሩ ውስጥ በሰከንድ ስለሚጻፍ 7200 መሆኑ ነው።

ሦስተኛውን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አላካፍለውም። ሰርቨሩ በሰዓት ስለሚከፈልበት ማታ ማታ ራሱን እንዲያጠፋ ማዘዝ ፈለግሁ። ሥልጠናው በ11 ሰዓት ያልቃል፣ እንግዲህ በ12 ሰዓት ይጥፋ ብዬ 12 ጻፍኩ። ሰርቨሩ ግን ካልቀየሩት በቀር የሚያውቀው ዓለም አቀፉን የጊዜ መለኪያ ብቻ ነው። የእሱ 12 በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር 15፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የእኛ የማታ 12 ሰዓት ለእሱ 15 ነው። ሁለት ልዩነቶች ተደራርበዋል፦ አንዱ የአገር ቤት ሰዓት ከፈረንጁ የሚለይበት ስድስት ሰዓት፣ ሌላው እኛ ከዓለም አቀፉ መለኪያ የምንቀድምበት ሦስት ሰዓት። ሰልጣኞቹ በቡድን ሥራቸው መካከል ሳሉ ከቀኑ በ9 ሰዓት ሰርቨሩ ደህና እደሩ ብሎ ተኛ። ስናስነሳውም ሌላ ችግር ጠበቀን፤ ቋሚ አድራሻ ስላልተከራየንለት ተዘግቶ ሲከፈት አዲስ አድራሻ ይዞ ተነሣ፤ በወረቀት ያደልነው ሊንክም የትም የማያደርስ ሆነ። ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ከመጀመሪያው ውሰዱ፤ የሰርቨሩንም ሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሰዓት ሰቅ ቀይሩ፤ ቀይራችሁም እንኳ ቢሆን የመዝጊያውን ሰዓት ለሌላ ሰው አስነብቡት።

ስለ መግቢያ ስም የምለው አጭር ነው። በነባሪው (ማለትም ካልተቀየረ በሚመጣው) አሠራር ተጠቃሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የጻፈው ቃል የይለፍ ቃሉ ሆኖ ይመዘገባል። ምቹ ነው፤ ሆኖም ስሞቻችን በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፉ ሰዎች በማግስቱ የራሳቸውን ስም አጻጻፍ ይረሱታል፤ አንዱም በስህተት የሌላውን ስም ጽፎ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። እኛ ከሁለተኛው ሥልጠና ጀምሮ ስሞቹን ራሳችን አዘጋጅተን በትንንሽ ወረቀት አትመን በየወንበሩ እናስቀምጣለን፤ የይለፍ ቃሉን እዚያው ወረቀት ላይ በእጃቸው እንዲጽፉት እናደርጋለን። የደኅንነት ባለሙያ ይህንን ቢሰማ ያዝናል፤ ለሦስት ቀን የሚኖር መለያ ግን ከዚህ የበለጠ ጥበቃ አያስፈልገውም።

በሁለተኛው ሥልጠና ከቢቸና የመጡ አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጠሩኝና፦ «ልጄ፣ ይኸ የምጽፈው ነገር እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ካልገባ የት ነው ያለው? ከጎኔ ያለው ልጅስ አያየውም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የቆሎ ተማሪ ሆነው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዴታ! ሁለት ክረምት ጎጆ ቀልሼ ቅኔ ቆጥሬአለሁ።»

«እንግዲያው ያውቁታል። ግቢው የጋራ ነው፣ ጎጆው የየራስ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ለሁሉም ከአንድ የኔታ ነው። ሰርቨሩ ግቢው ነው። የእርስዎ ጎጆ ውስጥ ጎረቤትዎ አይገባም።»

ጥቂት አሰቡና፦ «በትላንትናው ዕለት ያን ገደብ ያደረጋችሁት የአንዱ ጎጆ ሲቃጠል ለሌላው እንዳይተርፍ ነዋ!» አሉ። እኔ ያላሰብኩትን ጨመሩልኝ። ነገር ግን ምሳሌው እውነተኛ እንዲሆን የሚቀረውንም ነገርኋቸው፦ የኔታ በየጎጆው መግባት ይችላሉ። አስተዳዳሪው የሁሉንም ፋይል ማየት ስለሚችል የባንክ፣ የደመወዝ ወይም የተማሪዎች የግል መረጃ በዚያ ሰርቨር ላይ እንዳይጫን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። ይህን ሳንናገር ቀርተን አንድ የጽሕፈት ቤት ባለሙያ የመሥሪያ ቤታቸውን የሠራተኞች ዝርዝር ለመለማመጃ ሊጭኑ ሲሉ ደርሰንባቸዋል።

አዳራሹን በሚመለከት፣ ፍተሻው እዚያው አዳራሹ ውስጥ መደረግ አለበት፤ ቤት ሆኖ የሚሠራ ነገር እዚያ ላይሠራ ይችላል። ጁፒተር ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው ዌብሶኬት በሚባል ክፍት ሆኖ በሚቆይ መስመር ነው፤ አንዳንድ የተቋም መረቦች ተራ ገጾችን ሲያሳልፉ ይህንን ያግዳሉ። ምልክቱም ገጹ አምሮ ይከፈታል፣ ኮዱ ግን አይሄድም። በአንድ አዳራሽ ይህ ደርሶብን የአዳራሹን መረብ ትተን በራሳችን የሲም ካርድ ራውተር ሠርተናል። በስልክ ሆትስፖት ለ24 ሰው መስመር ማካፈል አይሞከር፤ ስልኩ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የመሣሪያ ብዛት ትንሽ ነው። የጁፒተር ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ብዙ ሜጋባይት ስለሚያወርድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ «ግቡ» ከማለት ረድፍ በረድፍ ማስገባት ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ቀላል ነው። መስመሩን የሚበላው ዋናው ሌባ ግን ጁፒተር አይደለም፣ በየላፕቶፑ ተደብቆ የሚወርደው የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው። ሰልጣኞቹ ግንኙነቱን በመጠን የሚከፈልበት ብለው እንዲመዘግቡት ስናደርግ መስመሩ እንደ ተፈታ ውኃ ሆነ።

ሰርቨሩን የት አገር እንከራይ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሮናል። ትልልቆቹ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ማዕከል አላቸው፤ ለምሳሌ አማዞን በኬፕታውን የከፈተው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። በካርታ ላይ ለእኛ ከፍራንክፈርት ጋር የሚፎካከር ርቀት ይመስላል፤ ነገር ግን አገራችን ባሕር በር የሌላት ስለሆነች መስመራችን በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ሥር ኬብል የሚያገኘው፤ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚዞር ካርታ አይነግርም። ሁለቱንም ለአንድ ሰዓት ተከራይተን ለካናቸው፤ በእኛ መስመር ፍራንክፈርት በፍጥነት መለሰ። የእናንተን እናንተ ለኩ፤ ወጪው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

ክፍያውን ካነሣሁ አይቀር፣ ስሌቱ ይህን ይመስላል። ባለ 8 ኮርና ባለ 32 ጊጋባይት ሰርቨር በትልልቆቹ ድርጅቶች ዘንድ በሰዓት ወደ ግማሽ ዶላር ይጠጋል። በቀን 10 ሰዓት ለሦስት ቀን 15 ዶላር ገደማ ነው። ይኸው ሰርቨር ተረስቶ ወሩን ሙሉ ቢበራ 720 ሰዓት፣ ማለትም 360 ዶላር ይደርሳል። ከባዱ ግን መጠኑ አይደለም፣ መክፈያው ነው፤ በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ ለውጭ አገር ድርጅት ስለማይከፍል የውጭ ምንዛሪ ካርድ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። እኛ በዘመድ ካርድ ነው የከፈልነው። እንዲህ ካደረጋችሁ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ፦ የወጪ ጣሪያ ማስጠንቀቂያ አስቀምጡ፣ መልእክቱም ለካርዱ ባለቤት ጭምር ይድረስ። ማስጠንቀቂያው ወጪውን እንደማያቆመው፣ እንደሚናገር ብቻም እወቁ።

በአስተማማኝ መግቢያ በኩል ሌትስ ኤንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ብራውዘሩ ገጹን እንዲያምነው የሚያደርግ፣ ለ90 ቀን የሚያገለግል ዲጂታል የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣል፤ ሰርቨሩን እያፈረሱ መሥራት ለሚወድ ሰው ግን ወጥመድ አለው። ለአንድ ስም በሳምንት ከአምስት ጊዜ በላይ አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት አይሰጥም። እኔ በአራተኛው ሥልጠና ዋዜማ ስድስተኛውን ጠይቄ ተከለከልኩና የሰርቨሩን ስም መቀየር፣ ያተምናቸውን ወረቀቶችም መጣል ግድ ሆነ። ለልምምድ የተዘጋጀ የሙከራ አገልግሎት ስላላቸው እሱን ተጠቀሙ።

አማርኛን የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከማንም መመሪያ ላይ አታገኙትም። ሰልጣኞቻችን የሚለማመዱት ራሳችን ባዘጋጀነው የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ ሰንጠረዥ ነው፤ የአምዶቹም ስም በአማርኛ ነው። ሥዕሉን ሲያወጡ በፊደላችን ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ታዩ። ኮዱ ስህተት የለበትም፤ ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ (ፎንት) አልተጫነም ነበር፣ የሥዕል መሣሪያው የሚጠቀምበት ነባሪ ቅርጽም የእኛን ፊደል አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በሰርቨሩ ላይ መጫን፣ የቅርጾቹን ማከማቻ ማደስ፣ ነባሪውንም ለሁሉም ተጠቃሚዎች መቀየር ያስፈልጋል። በየላፕቶፑ ቢሆን ኖሮ ይህ 24 ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነበር። በነገራችን ላይ ያው ሰንጠረዥ «ጎጃም» እና «ጐጃም» የሚሉትን እንደ ሁለት የተለያዩ አገሮች ቆጥሮ ለየብቻ ደመራቸው፤ ይህን ግን ሆን ብለን ሳናስተካክል ተውነው፣ ጥሩ መማሪያ ስለሆነ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ኢንተርኔት አለ በሚል ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያየ ሰው በዚህ ላይ ብቻ አይተማመንም። መፍትሔያችን ሰርቨሩን በእጅ አለመሥራት ነው። ምን ምን እንደሚጫን፣ በየትኛው ስሪት፣ የትኛው ገደብ እንደሚቀመጥ፣ የትኞቹ ተጠቃሚዎች እንደሚፈጠሩ ሁሉ በአንድ ስክሪፕት (ትእዛዞቹን በተራ የሚያስፈጽም ፋይል) ውስጥ ጻፍነው። ያ ስክሪፕት በተከራየነው ኡቡንቱ ላይ ሲሄድ የውጭውን ሰርቨር ይሠራል፤ ከጠረጴዛው ሥር ባስቀመጥነው 16 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሲሄድ ደግሞ እሱኑ እዚያው ይሠራል። የሚጫኑትን ጥቅሎች አስቀድመን አውርደን በዴስክቶፑ ላይ አከማችተናል። ራሙ ስለሚያንስ በዚያኛው ላይ የአንድ ሰው ገደብ 512 ሜጋባይት ነው፤ 24 ሰው 12 ጊጋባይት ይፈጃል፣ የቀረው ለማሽኑ ይበቃል።

በሦስተኛው ሥልጠና ሁለተኛ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መስመሩ ሄደ፣ ቀኑን ሙሉም አልተመለሰም። ዴስክቶፑንና ራውተሩን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ አድርገን፣ ከ192.168 የሚጀምረውን የአዳራሹን አድራሻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ በዚያው ስምና የይለፍ ቃል አስገባናቸው፤ ከ15 ደቂቃ በላይ አልፈጀም። የሰልጣኞቹ ፋይሎች በየግማሽ ሰዓቱ ከውጭው ሰርቨር ወደ ዴስክቶፑ እንዲገለበጡ አድርገን ስለነበር የጠፋው የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ሥራ ብቻ ነው። ሰልጣኞቹ የሚያዩት ገጽ ፍጹም አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዳንዶቹ አሁን የሚሠሩት ከጠረጴዛው ሥር በሚያጉረመርመው ማሽን ላይ መሆኑን አላመኑም፤ ቢቸናዊው መምህር ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ባልደረባዬ የውጭው ሰርቨር ጨርሶ ይቅር ብሎ ተከራክሯል። እኔ አልተስማማሁም፤ ዴስክቶፑ ለ24 ሰው ይበቃል፣ ሰልጣኞቹ ማታ ቤታቸው ሆነው እንዲለማመዱ ግን አያደርግም፤ አንዱ ዲስክ ሲበላሽም ሁሉም ያበቃል። አሁንም ሁለቱን ይዘን እንሄዳለን።

የትምህርቱን ፋይሎች ለማደል ኤንቢጊትፑለር የሚባለውን ተጨማሪ መሣሪያ እንጠቀማለን። ሰልጣኙ አንድ ሊንክ ሲነካ የዕለቱ ኖትቡኮች በፎልደሩ ውስጥ ይቀመጡለታል፤ እኛ ማታ ስህተት አርመን ጠዋት እንደገና ቢነካው የእኛ እርማት ይመጣለታል፣ እሱ የጻፈው ግን አይደመሰስበትም።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሰርቨሩን በዚያው ቀን አናፈርሰውም። ለሁለት ሳምንት አነስ ወዳለ ማሽን ቀይረን እናቆየዋለን፤ ሰዎች ማታ ማታ እየገቡ ይለማመዳሉ፤ በመጨረሻው ሥልጠና ከ24ቱ 7ቱ በሁለተኛው ሳምንትም ሲገቡ ነበር። በመጨረሻው ቀን የእያንዳንዱን ሰው ፎልደር ጠቅልለን እንልካለን፤ ኢሜይል ለሌለው በፍላሽ እንሰጣለን፣ አሁን ግን ፍላሹን አስቀድመን በቫይረስ ማጥሪያ አሳልፈን። ከዚያም ሰርቨሩን እናጠፋለን። ማጥፋት ስል ማቆም ማለቴ አይደለም፤ የቆመ ሰርቨር የዲስክ ኪራይ መቁጠሩን ይቀጥላል፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ ቋሚ አድራሻም ያስከፍላል። ስለዚህ ሰርቨሩ፣ ዲስኩ፣ የዲስኩ ቅጂዎችና አድራሻው አራቱም ተሰርዘው የኪራይ ገጹ ባዶ መሆኑን ካየን በኋላ፣ የገጹን ምስል ለካርዱ ባለቤት እንልክላቸዋለን።